በዓል ቦታ ይዘነው የምንሄደው የአሉሚኒየም ማቅለጫ ምድጃ፦ ከቀለም ቆርቆሮ ተነስተን

አንዲት ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ በሚስማር አሸዋ ላይ «ሠ» ብላ ጫረች። እኛ ደግሞ የጫረችው ላይ የቀለጠ አሉሚኒየም አፈሰስንበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ፊደሏን በእጇ ይዛ እናቷን ፍለጋ ሮጠች። ምድጃዬን ከግቢ አውጥቼ ሰው ወዳለበት መውሰድ አለብኝ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ሰዋችን የማቅለጥን ሙያ የሚያየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ድስቱን ገበያ ላይ ያየዋል፣ መስቀሉን በካህኑ እጅ ያየዋል፣ እሳቱን ግን አያይም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል፤ አሮጌው በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ የተጣለው ቆርቆሮ ዕቃ ሲሆን እዚያው ዓይኑ ሥር ያያል። ባለሙያው ደግሞ ለዘመናት ሲሰደብ የኖረ ሰው ነው። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን አትስደቡ ብለው አዋጅ ያስነገሩት ነገሩ ቢብስ ነው። ስለዚህ ሕዝብ መሃል ወጥቶ ማቅለጥ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በደንብ ተሠርቶ፣ ማንም ሳይጎዳ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ግቢያችሁ ውስጥ ስታቀልጡ የሚያስጨንቃችሁ ሙቀቱ ነው። ሕዝብ መሃል ግን ጥያቄው ይለወጣል። አሁኑኑ ማጥፋት እችላለሁ ወይ? የቀለጠው ከምድጃው እስከሚፈስበት ስንት እርምጃ ይጓዛል? በዚያች መንገድ ላይ ማን ሊገባብኝ ይችላል? ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ የመጣ ነው።

ለምን አሉሚኒየም፣ ለምን ጋዝ

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። መዳብ 1085 ይፈልጋል። ናስ ከ900 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ዚንክ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ያን ጭስ የሳበ ሰው ማታውን ብርድ ብርድ ይለዋል። ለሕዝብ አይሆንም። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ቶሎ ይቀልጣል፣ ቁራሌው ጋ ሞልቷል።

ከሰልና ወናፍ እወዳለሁ። የቀደምቶቻችን ዘዴ ነው፣ መብራት በሌለበትም ይሠራል። ግን ፍንጣሪው ይበርራል፣ አንዴ የተቀጣጠለ ከሰል ደግሞ ልጅ ቦታውን የከለላችሁበትን ገመድ አልፎ ሲገባ ወዲያው አይጠፋላችሁም። የሲሊንደር ጋዝ በአንድ መዞሪያ ጸጥ ይላል። ለበዓል ቦታ ጋዝ ነው የምመክረው።

ምድጃው

ባለ 20 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ ፈልጉ፤ የፕላስቲኩን ሳይሆን የቆርቆሮውን። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ውስጡን 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው፣ እስከ 1260 ዲግሪ በሚችል የሴራሚክ ፋይበር ጥቅልል ሁለት ድርብ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ወለሉንም እንደዚሁ። መሃል ላይ 18 ወይም 19 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይቀራችኋል፣ ለትንሽ ማቅለጫ፣ አሉሚኒየሙ ለሚቀልጥበት ዕቃ፣ ይበቃል። በእሳት ሲሚንቶ የተሞላ ምድጃ የበለጠ ዕድሜ አለው፤ ነገር ግን ሁለት ሰው ተጨንቆ የሚያነሳው ድንጋይ ይሆናል። የፋይበሩን አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል።

ፋይበሩን ስትቆርጡ ማስክ አድርጉ፣ ጥሩ ማስክ፣ እጅጌያችሁንም ሸፍኑ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው። በዚህ ላይ አልደራደርም። ከገጠማችሁት በኋላም እንዲሁ ባዶውን አትተዉት። እሳት የሚችል የምድጃ ጭቃ በውኃ አቅጥናችሁ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ለስኑት። ያ ልስን ብናኙን አፍኖ ይይዘዋል። ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ ትንሽ እሳት ለአሥር ደቂቃ፣ ማጥፋት፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና። እርጥቡን ልስን በአንዴ ብታጋግሉት ይፈነዳል፣ ይላጣል።

ነበልባሉ የሚገባበት ቀዳዳ ከወለሉ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ወደ መሃል አታነጣጥሩት። ወደ ግድግዳው ዳር አዘንብሉት፤ ነበልባሉ ማቅለጫውን በቀጥታ ሳይመታ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ይወጣል። ወለሉ ላይ ማቅለጫው የሚቀመጥበት 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የእሳት ጡብ ቁራጭ አስቀምጡ። ከወለሉ ጠርዝ ደግሞ አንድ የማምለጫ ቀዳዳ ይኑር። ማቅለጫው ቢሰነጠቅ የቀለጠው በዚያ ወርዶ ከሥር ያለው ደረቅ አሸዋ ላይ ያርፋል። ቀዳዳው ከሌለ የሚሄደው ወደ ጋዙ ቱቦ ነው።

ክዳኑም ያው በፋይበር የተለበጠ ላሜራ ነው፣ መሃሉ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ክፍት። ረጅም እጀታ ብየዱለት።

እግሩን ሦስት አድርጉት። ጉልቻ ሦስት የሆነው ያለ ነገር አይደለም፤ ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይ አይወላገድም። ከአንጎላሬ ቆርጣችሁ ከቆርቆሮው ወርድ ወጣ ብሎ እንዲረግጥ ወደ ውጭ አዘንብላችሁ በይዱት። የሰው እግር ቢነካው መገልበጥ የለበትም።

እሳቱ የሚነሳበት ቱቦ

ሦስት አራተኛ ኢንች ጥቁር ቱቦ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። ዚንክ የተቀባውን ነጩን የውኃ ቧንቧ አትጠቀሙ፣ ሲግል መርዛማ ጭስ ይሰጣል። ከኋላው አየር የሚስብበት ሰፋ ያለ አፍ፣ መሃል ላይ ጋዙን የሚተፋ ጠባብ ቀዳዳ። ለዚህ ቀዳዳ የብየዳ ማሽን ጫፍ፣ የ0.8 ሚሊ ሜትሩ፣ አሪፍ ይሠራል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው ልኮች አብዛኞቹ ባሕር ጠለል አካባቢ ያሉ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። የእነሱን 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እንዳለ ብትወስዱት ጋዙ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፣ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ከክዳኑ ላይ ክንድ ያህል ይወጣል፣ ጥላሸት ይዘንባል። እኔ በ1 ጀምሬ ወደ 0.8 ስወርድ ምድጃው ድምፁ ተለወጠ። ከመንፋት ወደ ማጉረምረም። ጥሩ እሳት ሰማያዊ ነው፣ ድምፁ ጠንካራና እኩል ነው፣ ከክዳኑ ቀዳዳ በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ብቅ ይላል።

የቤት ምድጃው ሬጉሌተር አይበቃም፣ ግፊቱ በጣም ዝቅተኛ ነው። እስከ 2 ባር የሚስተካከል የከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ያስፈልጋል። ሲሊንደሩ ከምድጃው ከ3 ሜትር በላይ ይራቅ፣ ሁልጊዜም ቀጥ ብሎ ይቁም። ለረጅም ጊዜ ስታነዱ ሲሊንደሩ ላብ ያልበዋል፣ አልፎም በረዶ ይይዘዋል፣ እሳቱም ይደክማል። ጋዙ ከፈሳሽ ወደ አየር ሲለወጥ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ለብ ያለ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙት። እሳት አታስጠጉት።

ማቅለጫ ዕቃና ጉጠት

ክሩሲብል የሚባለውን፣ ከሸክላና ከግራፋይት የተሠራውን ማቅለጫ ግዙ። አንድ ሊትር ተኩል የሚይዘው አፉ ድረስ ቢሞላ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ቀልጦ ይይዛል፤ እናንተ ግን ከሦስት ኪሎ አታሳልፉት። የብረት ጣሳ የሚጠቀሙ አሉ። አሉሚኒየም ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ እሳቱም ከውጭ ይልጠዋል፣ መቼ እንደሚበሳ አታውቁም። ሕዝብ ፊት አይደረግም። አዲስ ማቅለጫ መጀመሪያ ባዶውን ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ 200 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ፣ ከዚያ ቀይ እስኪሆን ይጋል። ቀዝቃዛ ቁራጭ ውስጡ አትጠቅጥቁ፤ አሉሚኒየሙ ሲሞቅ ሰፍቶ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል።

ጉጠቱን ለዚያው ማቅለጫ ልክ አሠሩት። ከጎንና ከጎን ሆዱን አቅፎ የሚይዝ ይሁን። ከንፈሩን ብቻ የሚቆነጥጥ ጉጠት ከንፈሩን ይገነጥላል። ለማፍሰስ ደግሞ ማቅለጫው የሚቀመጥበት ባለ ረጅም ዘንግ ቀለበት ሌላ ነው። ሁለቱንም ይዛችሁ፣ ማቅለጫውን አሸዋ ሞልታችሁ፣ በቀዝቃዛው አሥር ጊዜ ተለማመዱ። አንሱ፣ አስቀምጡ፣ ያዙ፣ አፍስሱ። እጃችሁ ሳያስብ እስኪሠራ ድረስ።

ምን እናቀልጥ?

ከቁራሌው ጋ ሄዳችሁ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ በመፍሰስ የተሠራ አሉሚኒየም ለዩ። አሮጌ ፒስተን፣ ቴስታታ፣ የካምቢዮ ሽፋን። እነዚህ ሲሊከን ስላለባቸው ሲፈስሱ ጥርት ብለው ይሞላሉ። የለስላሳ ጣሳ ብዙ ሰው ያስባል፤ ቀጭን ስለሆነ ግማሹ ተቃጥሎ ላዩ ላይ ወደሚንሳፈፍ ቅርፊት ይሄዳል፣ አይበጅም። ዘይቱን ቀድማችሁ ቤት አጥቡ፣ ቤት ሰብሩ፣ ቤት አቅልጣችሁ ትንንሽ ጥፍጥፍ አድርጉት። በዓል ቦታ ንጹሕ ጥፍጥፍ ብቻ ይምጣ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የታሸገ ዕቃ፣ አየር ወይም ዘይት ውስጡ ያለ፣ እሳት ውስጥ ቦምብ ነው። ማግኒዚየም ደግሞ አሉሚኒየም ይመስላል፣ ከተቀጣጠለ ግን በውኃ አይጠፋም፣ ጭራሽ ይብሳል። ጥርጣሬ ካላችሁ በሞረድ ፍቃችሁ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ማግኒዚየም ወዲያው ይንፈቀፈቃል፤ አሉሚኒየም ዝም ይላል።

አሸዋው፣ የበዓሉ ነፍስ

ሰው የሚመጣው ለእሳቱ ነው፣ የሚቆየው ግን ለአሸዋው ነው። ደቃቅ አሸዋ በወንፊት ንፉ። ለ10 ኪሎ ደረቅ አሸዋ 1 ኪሎ ቤንቶናይት፤ ጉድጓድ ቆፋሪዎች የሚጠቀሙበት ሸክላ ነው። ውኃው ግማሽ ሊትር አይሞላም፣ እየረጫችሁ፣ እያሻችሁ። ጨብጡት። የጣታችሁ አሻራ ከቀረበት፣ ለሁለት ስትሰብሩትም ጠርዙ ሳይፈርስ ጥርት ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። እጃችሁ ላይ ከተጣበቀ ውኃ በዝቷል።

8 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ የእንጨት ማዕቀፎች አዘጋጁ። አሸዋውን ጠቅጥቃችሁ ላዩን አስተካክሉ፤ ከጠርዙ 8 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። ከዚያ ሚስማር ስጡት፣ ይጫር። አንዱ ቁራጭ 140 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ በአንድ ማቅለጥ 18 ሰው ታስተናግዳላችሁ።

ፊደል ለሚጽፍ ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አሸዋው ላይ የተጫረው ተገልብጦ ነው የሚወጣው። «ሠ» እና «ዐ» ግራ ቀኛቸው አንድ ስለሆነ ችግር የለባቸውም። «ፈ» እና «ረ» ግን ፊታቸውን አዙረው ይወጣሉ፣ ልጁም ያለቅስባችኋል። ስስ ወረቀት ላይ ያስጽፉ፣ ወረቀቱን ገልብጡት፣ በጀርባው በኩል እየወጉ አሸዋው ላይ ይከተሉት። ጥልቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ይብቃ።

ፀሐዩ አሸዋውን ቶሎ ያደርቀዋል። እርጥብ ጨርቅ አልብሱት።

ስለ እርጥበት

ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። የቀለጠ አሉሚኒየም ሥር የታፈነች አንዲት ጠብታ ብረቱን ሰው ፊት ድረስ ትወረውራለች። ታዲያ አሸዋው እርጥብ አይደለም ወይ ትሉኛላችሁ። ነው፤ ግን በአሸዋው ቅንጣቶች መሃል መውጫ አለው፣ እንፋሎቱ ይተነፍሳል። የሚገድለው መውጫ ያጣው ነው። የተረፈ የሚፈስበት የብረት መጥበሻ፣ ዝገት ያለው ማንኪያ፣ ጤዛ ያደረበት ጥፍጥፍ፣ ሲሚንቶ ወለል።

አንድ ጊዜ የመጥበሻውን ነገር ቸል ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሣር ላይ አድሯል፣ ጠዋት ሳየው ደረቅ መሰለኝ። የተረፈውን ሳፈስበት ጧ ብሎ ከቁመቴ በላይ ዘለለ። የፊት መከላከያዬ ላይ አራት ነጥብ ቀርቷል፣ እስካሁን አልቀየርኩትም። ገመዱ ባይኖር ሰዎቹ ከጎኔ ይቆሙ ነበር።

ስለዚህ የቀለጠ የሚነካው ነገር ሁሉ መጀመሪያ ክዳኑ ላይ ይሙቅ። ማንኪያውም፣ መጥበሻውም፣ የሚጨመረው ጥፍጥፍም። የአሸዋውን ላይኛ ፊት ደግሞ በትንሽ ነበልባል ለአንድ ደቂቃ አድርቁት።

ቦታው

አስፋልት ላይ አይሆንም፣ ይቀልጣል። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ አይሆንም፣ ውስጡ ያለው እርጥበት ወለሉን ይፈነቅለዋል። ከላሜራ ሰፊ ትሪ አሠሩ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ደረቅ አሸዋ አልብሱት፤ ምድጃውም የሚፈስበትም እዚያው ላይ ይሁኑ። በሁለቱ መሃል ሁለት እርምጃ ይብቃ፣ ትርፍ አያስፈልግም።

ዙሪያውን ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቀት ላይ ገመድ። የድንኳን ሸራ ከላይ አትዘርጉ። ሁለት ባልዲ ደረቅ አሸዋ፣ አካፋ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ። ውኃ የቀለጠው አጠገብ አይድረስ። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ስትወድቅ ጋዙ ይዘጋል፤ «ይቺን ብቻ» የለም።

ከአዘጋጁ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ፣ የአካባቢውን እሳት አደጋ አሳውቁ። አሜሪካም አውሮፓም ያላችሁ የእሳት አደጋ ክፍሉን ፈቃድና የመድን ወረቀት ሳትይዙ አትነሱ። እንደ ጥምቀት ያለ ሕዝብ የሚጋፋበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት፤ ገመድ አይይዘውም። ባዛር፣ የትምህርት ቤት በዓል፣ ሜዳ ላይ የሚደረግ የዕደ ጥበብ ቀን ይሻላል።

አልባሳት፦ የቆዳ ጫማ፣ ሱሪው ከጫማው ውጭ፣ የቆዳ ሽርጥ፣ የብየዳ ጓንት፣ ሙሉ የፊት መከላከያ። ናይለንና ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በዓል ስለሆነ ነጠላ የለበሰ ረዳት ይመጣላችኋል፤ ነጠላውን አውልቆ ይግባ።

ማፍሰስ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ፣ ሕዝቡ 4 ሰዓት ላይ ይመጣል። የመጀመሪያው ማቅለጥ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ ምድጃው ከጋለ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ገደማ ነው።

አሉሚኒየም በቀን ብርሃን መልኩን አይነግራችሁም። እንደ ብረት አይቀላም፤ 660ም ሆነ 800 ላይ ያው ብር የመሰለ ወተት ነው። ስለዚህ ቴርሞካፕል የሚባለውን የሙቀት መለኪያ ግዙ። 720 ላይ አፍስሱ። ከ760 ካለፈ ከአየሩ እርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ቀዳዳ ይሞላል።

ጋዙን ዝጉ። ክዳኑን አንሱ። ላዩ ላይ ያለውን ግራጫ ቅርፊት በጋለ ማንኪያ ወደ ጥግ ገፋችሁ ግፈፉት፤ ሥሩ መስታወት ሆኖ ሰማዩን ያሳያችኋል። አንሱ፣ ቀለበቱ ላይ አስቀምጡ፣ ሂዱ። ከአሸዋው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከአንድ ጥግ፣ ሳታቋርጡ። ካቋረጣችሁ መሃሉ ላይ ስፌት ይቀራል። የሚያፈስሰውን ሰው ማንም አያናግረው። ለሕዝቡ የሚናገር ሌላ ሰው ይኑር፣ ጀርባውን ለምድጃው፣ ፊቱን ለገመዱ። የተረፈውን ወደሞቀው መጥበሻ ገልብጡ፤ ማቅለጫው ውስጥ ምንም አይቅር።

አሁን በጣም አደገኛው ሰዓት ነው፣ ሁሉም ያለቀ ሲመስለው። ቁራጩ በሁለት ደቂቃ ይጠናል፣ መልኩም የቀዘቀዘ ነው። 400 ዲግሪ ላይ ሆኖ ከኪሳችሁ ሳንቲም አይለይም። ልጆች እጃቸውን ይሰዳሉ። ሩብ ሰዓት ከገመዱ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ በጉጠት ወደ ውኃ ባልዲ፤ ባልዲው ከምድጃው 5 ሜትር ርቆ። ውኃው ውስጥ እስኪጮህ፣ እስኪበርድ። ጠርዙን ሞርዳችሁ ስጡት።

ሰምና ወርቅ

ገመዱ ዳር አንድ ጠረጴዛ አስቀምጡ። ላዩ ላይ ከንብ ሰም የተሠራ ትንሽ መስቀል፣ ከጎኑ ያው መስቀል ሸክላና ፋንድያ ተለስኖበት፣ ከዚያ ሰሙ ቀልጦ የወጣበት ባዶ ሸክላ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ መጨረሻ ላይ የወጣው መስቀል። ቅኔ የምናውቅ ሰዎች «ሰምና ወርቅ» ስንል ከአንጥረኛው ሥራ የተወሰደ መሆኑን ብዙዎቻችን በዓይናችን አላየነውም። ይህን እዚያው ለማፍሰስ አትሞክሩ፤ ሸክላው ሰሙን ጨርሶ አውጥቶ ለመድረቅ ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። ማሳየቱ ይበቃል። አንድ ሽማግሌ ያን ባዶ ሸክላ አንስተው ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አዙረው ብዙ ቆዩ፣ ከዚያ «እንግዲህ ወርቁ የሚገባው እዚህ ነው» አሉ። ለልጅ ልጃቸው ነበር የሚያሳዩት።

መመለስ

አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ጋፋት አስቀልጠው፣ ያን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ መቅደላ ድረስ አስጎትተዋል። የእኛ ሸክም ቀላል ነው፣ ግን ቅደም ተከተል አለው። ጋዙ ይዘጋ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ይቃጠል፣ ሬጉሌተሩ ይፈታ። ሲሊንደሩ ቆሞ፣ መስኮቱ ክፍት በሆነ መኪና። ምድጃው ክዳኑ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ያህል ይብረድ፣ የውስጡን ግድግዳ በእጃችሁ ነክታችሁ ሳታረጋግጡ አትጫኑት። ማቅለጫውን ምድጃው ውስጥ አስቀምጣችሁ አትሂዱ፤ በመንገዱ ንቅናቄ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ልስኑም ይረግፋል። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት። በሚቀጥለው ጊዜ ስታወጡት በእንጨት መታ አድርጉት፤ እንደ ደወል ከጮኸ ደህና ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋል፣ ጣሉት።

መጨረሻ ላይ መሬቱን ልቀሙ። አሉሚኒየም በማግኔት አይነሳም፣ ስለዚህ ተንበርክኮ በእጅ ነው። ከገመዱ ውስጥ ጀምራችሁ ወደ ውጭ፣ ሣሩን እየገለጣችሁ። ነገ ጠዋት በዚያ ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ ኳስ የሚጫወት ልጅ አለ።